ጅንባር ፏፏቴን በእግር ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ በጥቅምት፦ ምን እናዘጋጅ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለቤቱ። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት አራት ሆነን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። ሦስታችን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነን። ወንድማችን ግን ከሜሪላንድ ይመጣል፤ አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው ቀን ጎንደር ይሆናል ማለት ነው።

ዋናው ሐሳባችን ጅንባር ፏፏቴ ነው። ከመኪና ወርደን ፎቶ አንስተን መመለስ አንፈልግም። ከሳንቃበር ካምፕ በእግር ተነስተን፣ ፏፏቴውን አይተን፣ ወንዙን ተሻግረን ግጭ ካምፕ ለማደር ነው ያሰብነው።

የምጠይቃችሁ፦ ከሳንቃበር ስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል? ለወንድሜ ከፍታው ያሰጋዋል? ደባርቅ ላይ የሚዘጋጀው ምንድን ነው፣ ከአዲስ አበባ የምንይዘውስ? እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ «መልክዓ ምድሩ ያምራል» ከማለት አያልፍም።

ጓሳ ሜዳ

ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ጅንባር የክረምት ውሃ ነው፤ ከደጋው ሜዳ የሚጠራቀመውን ይዞ ይወርዳል፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ቀስ በቀስ ይጎድላል። በመስከረምና በጥቅምት ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል። ታኅሣሥ ላይ ይቀጥናል። የካቲትና መጋቢት የሄደ ሰው ጥቁር አለት ላይ የተሰመረ ክር የሚያህል ውሃ አይቶ ይመለሳል። ከ500 ሜትር በላይ ወደ ግጭ ገደል የሚወረወር ስለሆነ፣ ውሃው በሳሳ ጊዜ መሬት ሳይደርስ ነፋስ በትኖ ጉም ያደርገዋል።

ከወሩ ይልቅ ግን ሰዓቱ ይበልጣል። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው አየሩ ገደሉን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ እላይ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። እኩለ ቀን አካባቢ ገደሉ በጉም ሲሞላ ፏፏቴው እያስገመገመ ምንም አይታይም። ብዙ ሰው «ዕድሌ አልቀናም» ብሎ የሚመለሰው አርፍዶ ስለደረሰ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሳንቃበር ተነሱ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ብትጓዙ ከ4 ሰዓት በፊት ወይም 4 ሰዓት ላይ ማያው ጫፍ ትደርሳላችሁ። ጉም ቀድሟችሁ ከሆነም ሃያ ደቂቃ ታገሱት፤ ነፋስ ሲመጣ ድንገት እንደ መጋረጃ ይገለጣል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ትልቁ ገደል በግራ በኩላችሁ ይሆናል። በአስታ ዛፎች መካከል እየወረዳችሁና እየወጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ በየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለው ሽበት ጠዋት ጤዛ ስለሚይዝ ልብስ ያረጥባል። ወደ ፏፏቴው የሚያስገባው ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ደርሶ መልስ፣ ቆይታውን ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ያህል መድቡለት። በቅሎዎቹ ወደዚያ አይገቡም፤ በዋናው መንገድ ያልፋሉ።

ከፏፏቴው ተመልሳችሁ ወደ ጅንባር ወንዝ ቁልቁለቱን ትወርዳላችሁ፣ ውሃው ወደ ገደሉ ከመግባቱ በፊት ትሻገሩታላችሁ፣ ከዚያ ሽቅቡ ነው። ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ስለሆነ በቁልቁለቱ የወረዳችሁትን ሁሉ፣ ከነጭማሪው፣ መልሳችሁ ትወጡታላችሁ። የቀኑ ከባድ ሥራ ይህ ነው፤ እሱም የሚመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንና ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ ካለቀ በኋላ ነው። ምሳችሁን ወንዙ ዳር ብሉ፤ ጠግባችሁ ግን አትነሱ። በዝግታ ከወጣችሁ 9 ሰዓት አካባቢ ካምፑ ትገባላችሁ።

የድሮ የጉዞ መመሪያዎችን ካነበባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ግጭ መንደር ውስጥ ቡና ይጠጣል፣ እንቁላል ይገዛል ይላሉ። የመንደሩ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ከሳንቃበር በኋላ የምትበሉት ይዛችሁት የሄዳችሁትን ብቻ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ጦስኝ

እኔ ስለ ወንድማችሁ ከፍታ ልጻፍ፤ ጓሳ ሜዳ መንገዱን በደንብ አስቀምጦታል።

እናንተ ከአዲስ አበባ ስለምትነሱ 2,300 ሜትር በላይ መኖር ለምዳችኋል፤ ትልቅ ስንቅ ነው። ሜሪላንድ ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ሰውነት ለአየሩ መሳሳት የሚለምደው ቀን ሲሰጡት ነው፣ በጉልበት አይደለም። ስፖርተኛ መሆን አይከላከልም፤ እንዲያውም ጠንካራ የሆነ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል።

የእናንተ ደረጃ እንዲህ ይሁን፦ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት፣ ጎንደር (2,130 ሜትር ገደማ) አንድ ሌሊት፣ ደባርቅ (2,850 ገደማ) አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር (3,250) አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ግጭ (3,600)። ይህ ጤናማ አወጣጥ ነው። የሚያበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ጊዜ አጠረን» ብሎ የደባርቅን ሌሊት ዘሎ፣ ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ ማታ ሳንቃበር ማደር። አንድ ሌሊት መቀነስ ካለባችሁ ከመጨረሻው ቀንሱ፤ ከመጀመሪያው አትንኩ።

የሚጠበቀው ምልክት ራስ ምታት ነው። ከእሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም እንቅልፍ እምቢ ማለት ከመጣ ያ የከፍታ ሕመም ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት። ያን ጊዜ ከዚያ በላይ አይወጣም። ውሃ፣ ዕረፍት፣ ፓራሲታሞል፤ በማግሥቱ ከቀለለው ይቀጥላል። ከባሰበት ቢያንስ ከ300 እስከ 500 ሜትር ይውረድ። ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተደናገረ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወረዳል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። መራመድ መቻሉን ለማየት መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ አንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ እንዲራመድ አድርጉት።

አሴታዞላማይድ፣ በንግድ ስሙ ዳያሞክስ፣ ይረዳል። ለመከላከል በብዛት የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ሁለቱም አያስደነግጡ። ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ወንድማችሁ እዚያው አሜሪካ እያለ ሐኪሙን ጠይቆ ይዞ ቢመጣ ይሻላል። መድኃኒቱን ወስጃለሁ ተብሎ ደግሞ ሌሊት አይዘለልም።

በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ምስር፣ ሩዝና ባቄላ ከለመዳችሁት ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፤ ነዳጁን በዚያ ልክ አስቡ። የምንጭ ውሃ ለመጠጣት ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ያልበሰለ ባቄላ በልቶ ማደርና የከፍታ ሕመም በማቅለሽለሽ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

መንገደኛዋ

እጅግ አመሰግናለሁ። የደባርቁን ሌሊት ልንዘለው ነበር፤ መልሰን አስገብተነዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ስካውት፣ ማለትም አብሮን የሚሄደው ጠባቂ፣ እና በቅሎ እንዴት ነው የሚያዘው? ደግሞም እናቴ «ጋቢ ካልያዛችሁ አትሄዱም» እያለች ነው፤ ለብርዱ ምን ያህል እንዘጋጅ?

ሸዋበር

ከብርዱ ልጀምር፤ እናታችሁ ልክ ናቸው፣ ግን ጋቢው የካምፕ ነው። ማታ እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ ከጃኬት በላይ ስትደርቡት የሚስተካከለው የለም። መንገድ ላይ ግን አትልበሱት። ጥጥ ላብና ጤዛ ከጠጣ አይደርቅም፣ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል። በፌስታል ጠቅልላችሁ በቅሎው ላይ ይጫን። ለመንገድ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያ ሁለት፣ አንድ ለፀሐይ አንድ ለሌሊት። የእጅ ጓንት። ጥቅምት ላይ ግጭ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ጠዋት ጓሳ ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። ስሊፒንግ ባጉ እስከ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሚያስተኛ ይሁን። ከሥሩ የሚነጠፈው ፍራሽ እንዲያውም ከእሱ ይበልጣል፣ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነውና።

ስካውትና በቅሎ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። የመግቢያና የካምፕ ክፍያ እዚያ ተከፍሎ ደረሰኝ ይያዛል፤ በር ላይ ይጠየቃል። መሣሪያ የያዘ ስካውት ለእያንዳንዱ ቡድን ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ጫኝ እዚያው ይገኛሉ። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ሁሉንም በዋዜማው ጨርሱ፤ ጠዋት ልጨርስ ያለ ሰው ከደባርቅ የሚወጣው ረፋድ ላይ ነው፣ የቀኑ ሰዓት ሁሉ በዚያው ይዛባል።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ቀኑ ስንት ነው፤ በቅሎ ነጂው ባዶውን የሚመለስበት ቀንም ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ የስካውቱና የነጂው ምግብ በማን ነው። ብዙ ጊዜ የራሳቸውን እንዲይዙ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ማታ ብርድ ላይ አብሮ የዋለ ሰው ሌላ ጥግ ቁጭ ብሎ ደረቅ እንጀራ ሲበላ አይታለፍም። ለእነሱም ጨምራችሁ ሸምቱ፤ የሁለት ሰው ሽሮና ፓስታ የሚያጎድለው ነገር የለም። ሦስተኛ፣ የት ያድራሉ፣ ምን ይለብሳሉ፤ ስካውቱ አንዲት ብርድ ልብስ ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ረቡዕና ዓርብ የሚውልባችሁ ከሆነ የጾም ምግብ አዘጋጁ። የአካባቢው ሰው አጥብቆ ይጾማል፤ ሥጋና ቅቤ የነካ ድስት እንኳ አይቀላቅልም። ጉዞው ወደ ኅዳር አጋማሽ ከተገፋ ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ያን ጊዜ ሙሉ ስንቁን ጾም አድርጉት፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል።

አሁን ስለ ዕቃው፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በቅሎው በራሱ መንገድ ቀድሟችሁ ይሄዳል፤ እስከ ግጭ ድረስ ላታገኙት ትችላላችሁ። የዝናብ ጃኬታችሁ በቅሎ ላይ ከተጫነ የላችሁም ማለት ነው። ስለዚህ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ መድኃኒት፣ የራስ ባትሪና ሽንት ቤት ወረቀት ጀርባችሁ ላይ ይሁኑ። በቅሎ ላይ የሚጫነው ለስላሳ ቦርሳ ይሁን፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ በጠፍር ሲታሰር የእንስሳውን ጎድን ይልጣል። ሸክሙን ግራና ቀኝ በክብደት እኩል አድርጋችሁ አስረክቡ፤ ካጋደለ ቁልቁለቱ ላይ ኮርቻው ዞሮ ዕቃው ሁሉ ይወርዳል።

ለምግቡ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ከአዲስ አበባ ያዙ። በሶ ያለ እሳት የሚበላ ስለሆነ ለወንዙ ዳር ምሳ አንደኛ ነው። የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን አይጫንም፤ ምድጃውንና ነዳጁን ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ታገኛላችሁ። የቡታን ጣሳ ከሆነ ሌሊት ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አሳድሩት፤ ቅዝቃዜ ሲነካው ጋዙ አይተንም፣ ጠዋት እሳቱ ይተኛል።

እንጨት ለቅማችሁ እሳት አታንድዱ፣ ስካውቱ ቢፈቅድ እንኳ። አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በፓርኩ የተነሳው ቃጠሎ ሔሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱለት ድረስ ነበር ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገለው የሰነበተው። አንድ ጎርባጣ አስታ እዚያ ብርድ ላይ እስኪያድግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያየ ሰው ለሻይ ብሎ አይቆርጠውም።

ገደል አፋፍ

ስለ ማያው ጫፍ ማንም አልጻፈም፣ ዋናው አደጋ ያለው ግን እዚያ ነው።

ወደ ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚያወጣችሁ ጠባብ የአለት ሸንተረር ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱም ጎን ገደል ይሆናል። ጫፉ ድረስ ሣር አለ። ሣሩ እስካለ ድረስ ከሥሩ መሬት አለ ብላችሁ እንዳትገምቱ። የጓሳው ሥር አፈር ይዞ ከአለቱ ከንፈር አልፎ ይንጠለጠላል፤ ከላይ ስታዩት ጠንካራ ሜዳ ይመስላል፣ እግር ሲያርፍበት ግን ከሥሩ ባዶ ነው። አለቱም በውሃና በውርጭ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ በእጅ ተደግፎ ወደ ፊት ማጎንበስ አይቻልም። ወሰናችሁ ሣሩ ሳይሆን የተረገጠው ባዶ መሬት ይሁን፤ ከዚያ አልፋችሁ አንድ እርምጃ አትጨምሩ። ወደ ሥር ማየት የፈለገ በሆዱ ተኝቶ ይይ፣ ሌላው ሰው እግሩን ይያዝ።

ፎቶ የምታነሱት ቆማችሁ ነው፣ እየተራመዳችሁ ስልክ አይታይም። ወደ ኋላ እየሸሸ ሰው የሚያነሳ ሰው አታስቁሙ። ቦርሳችሁን አውልቁ፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ተወርውሮ ሲመጣ ቦርሳውን እንደ ሸራ ይይዘዋል። ጉም ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ። ስካውቱ መንገዱን ያውቀዋል፤ እሱ ሲነሳ በአንድ መስመር ከኋላው ሂዱ።

ወንዙን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥቅምት ላይ ብዙ ጊዜ በድንጋይ በድንጋይ ይሻገሩታል። የክረምቱ ዝናብ ከዘገየ ግን ከሰዓት በኋላ ሊሞላ ስለሚችል ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ለመሻገር ሞክሩ። ስትሻገሩ የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት፤ ብትወድቁ ከቦርሳው መላቀቅ አለባችሁ። ጫማ አታውልቁ፣ ካልሲ ብቻ አውልቁና ማዶ ስትደርሱ መልሳችሁ አድርጉ። ውሃው ከጉልበት አልፎ ከደፈረሰ እስኪጎድል ጠብቁ። ፏፏቴው ከታች መኖሩን እያሰቡ መቸኮል የለም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር በሎች ናቸው፣ አይተናኮሉም፤ ምግብ ግን አትስጧቸው። ካምፕ ውስጥ ተጠንቀቁ ከተባለ ከቁራው ነው፣ ያ ምንቃረ ወፍራሙ፤ ዳቦ ከድንኳን በር ላይ አንስቶ ይሄዳል።

ጓሳ ሜዳ

ገደል አፋፍ ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ በሆድ ተኝቶ ማየቱን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልመክርም። ፏፏቴው ሙሉ ለሙሉ የሚታየው ከሸንተረሩ መካከል ነው፤ ጫፉ ድረስ መሄድ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ከመነሳታችሁ በፊትም እንደገና፣ የጎንደር–ደባርቅን መንገድና የአካባቢውን ፀጥታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና እዚያው ካሉ አስጎብኚዎች በስልክ አረጋግጡ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት ባለፈው ወር ክፍት የነበረው ዛሬ ዝግ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ቀኑን አዛውሩት፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ውሃው ይታያል።

ሌላው መመለሻው ነው። ከግጭ በማግሥቱ ሁለት አማራጭ አላችሁ። ወንድማችሁ ደኅና ካደረ በጠዋት ወደ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ወጥታችሁ በዚያው ወደ ጨነቅ ካምፕ ውረዱ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ ረጅም ቀን ነው። ራሱን ካመመው ወይም ጉልበት ከከዳችሁ በመጣችሁበት ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ መኪና መንገዱ ተመለሱ። መኪናው በአንዱ ቦታ ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ኔትወርክ ላይ ተማምናችሁ «እንደዋወላለን» ብላችሁ አትለያዩ። ሳንቃበር ላይ ከሾፌሩ ጋር ስትለያዩ እንዲህ ተነጋገሩ፦ በማግሥቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ በፏፏቴው በኩል ባለው መንገድ ላይ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ካልመጣችሁ ወደ ጨነቅ ይነዳል። ስካውቱም ባለበት ንገሩት።